ስለ ቢላዋ ስለት

ዐይን ፈጥኖ ይፈርዳል፤ እጅ ግን ዘግይቶ ይመሰክራል። ሰው ዕቃ ሲገዛ በዐይኑ ፈርዶ ይገዛል፤ በሠራበት ጊዜ ግን እጁ የዐይኑን ፍርድ ይሽራል። ይህም ነገር በከበረ ዕቃ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በጥቂት ብር ከገበያ በሚሸመት በማድ ቤት ቢላዋ ላይ ከሁሉ ይልቅ ይገለጣል። በሞጣ ከተማ ቅኔ በሚያስተምሩ በአንድ መሪጌታ ላይ የደረሰው ነገር ለዚህ ምስክር ነው።

እኚህ መሪጌታ የተወለዱት በቢቸና አቅራቢያ ነው፤ ቅኔንም የተማሩት በዚያው አገር በዲማ ጊዮርጊስ ነው። ወደ ሞጣ በተሻገሩ ጊዜ እናታቸው ከሰጧቸው ዕቃ መካከል አንድ ቢላዋ ነበረ። መልኩ ጥቁር፣ እጀታው ወይራ፣ ሥራውም የቢቸና ገጠር ባለ እጅ ሥራ ነው። 40 ዓመት ያህል ሽንኩርት ሲከተፍበት፣ ሥጋ ሲዘለዘልበት፣ የመቃ ብርዕ ሲቀረፅበት ኖሮ፣ ከመሳል ብዛት የተነሣ ወርዱ እንደ ሰንጢ ቀጠነ፤ ስለቱ ግን እንደ ቀድሞው ነበረ።

አንድ ዓመት የዐቢይ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ባለቤታቸው፣ «ይህ እኮ ቢላዋ መሆኑ ቀርቶ ወስፌ ሆነ፤ ለፋሲካ ሌላ ይግዙ» አሏቸው። መሪጌታውም ወደ ገበያ ወረዱ። በዚያም በሸራ ላይ የተዘረጉ፣ ከባሕር ማዶ የመጡ ቢላዋዎች በፀሓይ ሲያብረቀርቁ አገኙ። ሻጩ ወጣት አንዱን አንሥቶ፣ «የኔታ፣ ይህ እንደ ባለጅ ብረት አይዝግም፤ ይዩት፣ ማግኔት እንኳ አይስበውም፤ ንጹሕ ነው» ብሎ ማግኔት አስጠግቶ አሳያቸው። በእውነትም ማግኔቱ አልያዘውም። መሪጌታውም በቢላዋው ገጽ ላይ ፊታቸውንና ነጭ ጥምጥማቸውን እንደ መስተዋት አዩ፤ ዋጋውም ርካሽ ነበርና ሳይከራከሩ ከፍለው ሄዱ።

በፋሲካ ዕለት ጎረቤት በማኅበር የገዛው በሬ ታርዶ ቅርጫው ሲከፋፈል አዲሱ ቢላዋ ወጣ። የመጀመሪያውን ሥጋ ደኅና አድርጎ ቆረጠ፤ ሁለተኛውን እየጎተተ ቀደደ፤ ከአጥንት ጋር በተገናኘ ጊዜ ግን ጫፉ እንደ ቅጠል ታጠፈ። ሊያቀኑት ቢሞክሩ እጀታው ተሰንጥቆ ብረቱ ተመዝዞ ወጣ፤ ለካ ወደ እጀታው የገባው የአውራ ጣት ያህል ብቻ ኖሯል። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ቀልድ የሚወድ ነበርና፣ «የኔታ፣ ሰሙ ቀለጠ፤ ወርቁ ግን አልተገኘም» አለ። ሁሉም ሣቁ፤ መሪጌታውም ሣቁ፤ ነገር ግን ቃሉ በልባቸው ቀረ። በቅኔ ቤት ሰም የሚዘጋጀው ወርቁ እንዲገለጥበት ነው። በዚህ ቢላዋ ግን ከሰሙ በስተኋላ ምንም አልነበረምና፣ የዘመድ ያህል የሚያውቁትን ጥቁር ቢላዋ አስወጥተው ሥራውን በእርሱ ፈጸሙ።

በግንቦት ወር ለአንድ ዘመዳቸው ተዝካር ወደ ቢቸና ለመሄድ ሲነሡ ሁለቱን ቢላዋዎች በጨርቅ ጠቅልለው ያዙ። አውቶቡሱ በደብረ ወርቅ አልፎ ቢቸና ካደረሳቸው በኋላም፣ ከተዝካሩ አስቀድመው የእናታቸውን ቢላዋ ወደ ሠራው ባለ እጅ ቤት በእግራቸው ሄዱ። ቤቱ እንደ ድሮው ከመንደሩ ወጣ ብሎ ለብቻው ነበረ። መሪጌታው ልጅ ሳሉ ከእኩዮቻቸው ጋር በዚያ ሲያልፉ ትንፋሻቸውን ይዘው ይሮጡ ነበር፤ ባለ እጅ ቡዳ ነው፣ ዐይኑ ይበላል እየተባለ ይነገራቸው ነበርና። እናታቸውም ብር አስይዘው ሲልኳቸው፣ «ብረቱን ተቀብለህ ና፤ ውኃ ቢሰጡህ ግን አትጠጣ» ይሏቸው ነበር።

የቀድሞው ባለ እጅ ሞተዋል፤ ልጃቸው ግን ሸምግለው በወናፉ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። መሪጌታው፣ «ይህን ቢላዋ ታውቀዋለህ?» አሏቸው፤ በዕድሜ ለሚበልጧቸው ሰው «አንተ» ማለታቸውን ልብ አላሉትም፤ በአገሩ ባለ እጅ እንደዚያ ይጠራ ነበርና። ሽማግሌው ጥቁሩን ቢላዋ ተቀብለው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና፣ «የአባቴ እጅ ነው፤ ወናፉን ያናፋሁ እኔ ነኝ» አሉ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱን ቢላዋዎች መረመሩ። ሞረድ አንሥተው በአዲሱ ላይ ቢስቡት ሞረዱ እንደ እንጨት በላው፤ በጥቁሩ ላይ ቢስቡት ግን ብዙም ሳይዘው ተንሸራተተ። አዲሱን በጥቂቱ ቢያጎብጡት እንደ ጎበጠ ቀረ፤ ጥቁሩን አጎብጠው ቢለቁት ወደ ቦታው ተመለሰ። «ለስላሳ ብረት ይታጠፋል፤ ያለ ልክ የደረቀ ብረት ይሰበራል፤ ቢላዋ በሁለቱ መካከል ነው» አሉ። መሪጌታው ስለ ማግኔቱ በነገሯቸው ጊዜ ፈገግ ብለው፣ «ሻጩ ያመሰገነበት ነገር ነውሩ ነው፤ ይህ ብረት ለማንኪያ ይሆናል፤ ለቢላዋ አይሆንም» ሲሉ መለሱ።

የሽማግሌው ቃል በትምህርት ቤት ያልተገኘ ቢሆንም እውነት ነው። የማይዝግ ብረት አንድ ዓይነት አይደለም። ክሮምና ኒኬል የተቀላቀለበት ወገን፣ በማንኪያ ጀርባ ላይ 18/8 ወይም 18/10 ተብሎ የሚታተመው፣ ማግኔት የማይስበው ነው፤ ዝገትን ይከላከላል፤ ነገር ግን በእሳት አግለው በውኃ ወይም በዘይት ቢነክሩት አይጠነክርም። ለስለት የሚሆነው የማይዝግ ብረት በቂ ካርቦን ያለበት ሌላው ወገን ነው፤ እርሱንም ማግኔት ይስበዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሬርሊ ለጠመንጃ አፈ ሙዝ የሚሆን ብረት ሲፈልግ ያገኘው ብረት ከዚህ ወገን ሲሆን፣ ከመቶ 13 ያህል ክሮምና 0.24 ካርቦን ነበረበት። የከተማው ቢላዋ ሠሪዎችም በመጀመሪያ የማይቆርጥ ቢላዋ አመጣ ብለው አላገጡበት፤ በኋላ ግን የማጥበቁን ሥርዐት በተማሩ ጊዜ ተቀበሉት። እንግዲህ «የማይዝግ» የሚለው ማኅተም ስለ ዝገት ብቻ ይናገራል እንጂ ስለ ስለት አይናገርም።

ከባሕር ማዶ የመጣው ሁሉ ክፉ ነው ማለትም አይገባም። በቻይና አገር የጓንግዶንግ ክፍል የሆነችው ያንግጂያንግ ቢላዋ በብዛት የሚሠራባት ከተማ ናት፤ ከእርስዋ መልካሙም ተራውም ይወጣል። በጀርመን አገርም የዞሊንገን ስም በማይገባው ቢላዋ ላይ እንዳይታተም ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ተጠብቋል፤ ነገር ግን ሐሰተኛ ማኅተም ባሕር ይሻገራልና ማኅተሙን ብቻ አይቶ ማመን አይገባም። የርካሹ ጉድለት ከአገሩ ሳይሆን ብረቱን ከመቆጠብና የእሳቱን ሥራ ከማሳጠር የመጣ ነው።

ስለዚህ ርካሽ ቢላዋ የሚገዛ ሰው ብልጭታውን ትቶ እነዚህን ይመልከት። አንደኛ፣ ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ደርሶ በምስማር የተያዘ መሆኑን ይይ። ሁለተኛ፣ ጀርባው ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ ነው ወይስ እንደ ቆርቆሮ ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ያለው፣ በጣቱ ይዳስስ። ሦስተኛ፣ በጥቂቱ ሲያጎብጡት የሚመለስ መሆኑን ይሞክር። አራተኛ፣ ማግኔት ያስጠጋ፤ የተሳበ ሁሉ መልካም ቢላዋ ባይሆንም፣ ያልተሳበው ግን ስለቱን አይጠብቅለትም። ከገዛውም በኋላ በሚፈጥን ደረቅ መሳያ አያስስለው፤ ጠርዙ ግሎ ሰማያዊ መልክ ካወጣ ጥንካሬው ጠፍቷልና፤ ውኃ በነካው ድንጋይ ቀስ ብሎ ይሳል። ጥቁር ብረት በሎሚና በሽንኩርት ቢዝግ ነውሩ አይደለም፤ ታጥቦ ወዲያው መድረቅ ብቻ ይፈልጋል።

መሪጌታው ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ፣ «እንግዲያስ እንደ እናቴ ቢላዋ ያለ ሥራልኝ» አሉ። ሽማግሌውም ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ የባሌስትራ ቁራጭ አነሡ። በባሌስትራ ብረት ውስጥ ከመቶ 0.6 ያህል ካርቦን ይገኛል፤ ስለዚህ በእሳት ይጠነክራል። ብረቱን በፍም አግለው፣ በጉጠት ይዘው፣ በመስፍ ላይ እየቀጠቀጡ ቅርፁን አወጡ። ማጥበቁን ግን ፀሓይ እስክትጠልቅ አቆዩት፤ የጋለ ብረት መልኩ በትክክል የሚታየው በድንግዝግዝ ነውና። ፍም በመሰለ ጊዜ በዘይት ነከሩት። ከዚያም፣ «አሁን ቢወድቅ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል» ብለው፣ ገጹን በድንጋይ ፈትገው፣ የጤፍ ገለባ መልክ እስኪያወጣ ድረስ እንደ ገና በእሳት ዳር አሞቁት። በዚህ ሁለተኛ እሳት ድርቀቱ ይበርዳል፤ ጽናትም ያገኛል።

ዋጋውን በጠየቁ ጊዜ ሽማግሌው የገበያውን ቢላዋ ሦስት እጥፍ ነገሯቸው። መሪጌታው ለመከራከር አፋቸውን ከፈቱ፤ ዳሩ ግን ጥቁሩን ቢላዋና 40ውን ዓመት አስበው ዝም ብለው ከፈሉ። ቀጥለውም፣ «ልጅ የለህምን? ይህን ጥበብ ማን ይወርስሃል?» አሉ።

ሽማግሌውም እንዲህ ሲሉ መለሱ። «ልጅስ አለኝ፤ ቢቸና ገበያ ውስጥ እንዲህ ያለውን የሚያብረቀርቅ ቢላዋ ይሸጣል። የሠራ ይሰደባል፤ የሸጠ ግን ነጋዴ ይባላል። እኔም ልጄን አልፈርድበትም። የኔታ፣ የአባቴ ቢላዋ 40 ዓመት ሙሉ ከማዕድዎ ቀርቧል፤ አባቴ ግን አንድ ቀን አልቀረበም።»

መሪጌታው የሚመልሱት አጡ። ለሌላው ሲያስተምሩ የኖሩት ነገር ሁሉ ትዝ አላቸው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ሲከለክሉ፣ ከብረት ሠሪው ጋር ጠንቋይ እየተባለ የሚሰደበውን ጸሐፊም አንሥተው ነበር፤ ስለዚህ ዐዋጁ ለመሪጌታውም ወገን መጠጊያ ነበረ። ዳግመኛም በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ፣ በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ በጠፋ ጊዜ ሕዝቡ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ እንደ ነበረ አሰቡ። በዚያ ዘመን ብረት ሠሪውን ያጠፋው ጠላት ነው፤ በዚህ አገር ግን ያገሩ ሰው በስድብ አጠፋው። ገበያው በርካሽ ዕቃ የተሞላው ዋጋው ስለ ወረደ ብቻ አለመሆኑን፣ የባለ እጁ ልጅ መዶሻውን የጣለው እርሳቸውን የመሰለ ሰው ውኃውን አልጠጣም ስላለው መሆኑን ያን ጊዜ አስተዋሉ።

ሊሰናበቱ ሲነሡም፣ «አባቴ፣ እጅግ ጠምቶኛል፤ ውኃ ይስጡኝ» አሉ። ሽማግሌው «ይስጡኝ» የሚለውን ቃል ሰምተው ቀና ብለው አዩአቸው፤ ከዚያም በቅል ውኃ አቀረቡላቸው። መሪጌታውም ቆመው ጠጡ። «ለመስቀል ሞጣ ይምጡ፤ ዳቦውን በዚህ ቢላዋ እንቈርሳለን» ብለው ወጡ።

ሽማግሌው ይመጣሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ ነገር ግን በመስቀል ዕለት ከአውቶቡስ ወርደው እየጠየቁ ወደ መሪጌታው ቤት ደረሱ። መሪጌታው ከአጠገባቸው አስቀመጧቸው። ድፎ ዳቦው በቀረበ ጊዜም ባርከው፣ ቢላዋውን ለሠሩት ሰጥተው፣ «ይቍረሱልን» አሉ። ከእንግዶች ሁለቱ ምክንያት ሰጥተው ተነሡ፤ መሪጌታውም አልከለከሏቸውም፤ አልተከተሏቸውምም። ዳቦው ተቆርሶ ለተቀመጡት ሁሉ ደረሰ። ያ ቀልድ ወዳጅ ተማሪ በዚያ ቀን ምንም አልተናገረም፤ ድርሻውን ከሽማግሌው እጅ ተቀብሎ በላ።

ከማዕድ በኋላ ባለቤታቸው አዲሱን ጥቁር ቢላዋ አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ ከእናታቸው ቢላዋ አጠገብ አኖሩት።