አስተማሪውም ተማረ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጎፋ አካባቢ፣ ማታ ማታ ፊደል አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ ጎልማሳ መካኒክ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ጋራዣቸው ሄድኩ። አንድ የቆየ ቶዮታ ኮሮላ ዳገት ላይ ሞተሩ እየተንኳኳ አስቸግሯል። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ እንደ ዘር ነው፤ ጊዜ አለው። ሲቀድም ሞተሩ ይንኳኳል፤ ሲዘገይ ጉልበት ያጣል።

«መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ እኔ ላስተካክለው» አልኩ። ብልጭታ አከፋፋዩን ዲስትሪቢዩተር ባዞረውም ባዞረውም ልኩ አልረጋ አለኝ።

ጋሼ ሳቁ። «ልጄ፣ ኮምፒዩተሩ የራሱን እየጨመረበት ነው። መጀመሪያ ዝም አሰኘው» አሉኝ።

ለዚህም ከኮፋኖው ስር ባለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ ይገናኛሉ። ስማቸው ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ጋሼ ግን በልማድ ነበር የሚያውቋቸው። አንድ ጊዜ ተሳስተው ፊውዝ አቃጥለዋል።

የፈረንጁን ፊደል አሳየኋቸው። በጣታቸው እየተከተሉ «ቲ፣ ኢ፣ 1» ብለው አነበቡ። ከ«ኢ 1» ጋር አገናኙት። በሞቀው ሞተር ላይ መብራት አበራን። ምልክቱ 10 ዲግሪ ላይ ሲያርፍ ብሎኑን አጠበቅን፤ ሽቦውንም አወጣን።

መኪናው ዳገቱን ሳይንኳኳ ወጣ። እኔ ሁለት ፊደል ሰጠሁ፤ ሙያ ተቀበልኩ።