ከረሜላ ጾም አይሽርም



ባለፈው ዓመት ትምህርት በተጀመረ ሰሞን፣ እዚህ ደብረ ታቦር ሐሙስ ማታ በምናደርገው የቤት ለቤት ኅብረት ላይ አንድ ክርክር ተነሣ። የጸሎት ርእስ ሲሰበሰብ አንድ ወንድም «ለልጄ ጥርስ ጸልዩልኝ» አለ። ልጅቱ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁለት መንጋጋ ጥርሶቿ ተበልተው ተነቅለዋል፤ ሦስተኛውም ሌሊት እያስለቀሳት ነበር። «እንጸልያለን» ስንል ወንድማችን ንግግሩን ቀጠለ፦ «ግን ከመጸለያችን በፊት አንድ ነገር ልናገር። ከረሜላውን የምታገኘው ከቤቷ አይደለም፤ ከጓደኞቿ ምሳ ዕቃ ነው። ጓደኞቿ ደግሞ የዚህ ኅብረት ልጆች ናቸው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ጥቂት ቆይታ አንዲት እህት መለሰች፦ «ወንድሜ፣ ልክ ነህ። የእኔንም ግን ስማኝ። ልጄ ረቡዕና ዓርብ ዕንቁላል ይዛ ስትሄድ የክፍሏ ልጆች እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ብቻዋን ትበላለች። ከረሜላ ጾም አይሽርም። በእነዚያ ቀናት ከሰው ጋር የምትካፈለው እሱን ብቻ ነው።»

በከተማችን ያልኖረ አንባቢ ይህ መልስ ቀላል ሊመስለው ይችላል። በደቡብ ጎንደር አብዛኛው ጎረቤታችን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ዐቢይ ጾም አለ፤ የነቢያትና የፍልሰታ ጾም አለ። በቤተ ክርስቲያኒቱ ልማድ ልጅ ጾም የሚጀምረው ከሰባት ዓመቱ ነው፤ አንደኛ ክፍል የሚገባውም በዚያው ዕድሜ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ምሳ ዕቃ ይዘው ትምህርት ቤት መዋል የሚጀምሩበት ዓመት፣ ጓደኞቻቸው መጾም የሚጀምሩበት ዓመት ነው። የአገራችን ልጅ ደግሞ ብቻውን መብላት አልለመደም፤ ምሳ ዕቃ ሲከፈት ሁሉም ወደ መሐል ያቀርበዋል። የእኛ ልጅ ክዳኑን ሲከፍት እጆች ከተመለሱ፣ ማንም ክፉ ቃል ባይናገረውም ልጁ ቀኑን ሙሉ ያስበዋል።

ሁለቱም ወደ እኛ ዞሩ፤ ፍረዱ ማለታቸው ነው። እኛ ባልና ሚስትም ፈጥነን ፈረድን። በሚቀጥለው እሑድ ለወላጆች ሁሉ «ከዛሬ ጀምሮ በልጆቻችን ምሳ ዕቃ ከረሜላ፣ ብስኩትና ለስላሳ አይኑር» አልን። በዚህ አላበቃንም። «የአንድ እናት ትጋት በልጇ ምሳ ዕቃ ይታወቃል» ብለን ጨመርንበት። አሁን ስናስበው የሚያሳፍረን ይህ ዐረፍተ ነገር ነው።

ስለ ስኳሩ ያልነው ሐሰት አልነበረም። በአፍ ውስጥ ያሉ ጀርሞች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ጥርስን ይበላል። ዋናው ጉዳት የሚመጣው ከመጠኑ ብቻ ሳይሆን ከድግግሞሹም ነው፤ ጠዋት አንድ፣ በዕረፍት ሰዓት አንድ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ አንድ እየተባለ የሚመጠጥ ከረሜላ ከምግብ በኋላ አንድ ጊዜ ከሚበላው ይብሳል። «የወተት ጥርስ ስለሆነ ይወድቃል» ማለትም አያዋጣም፤ የወተት ጥርስ ለቋሚው ጥርስ ቦታ ጠባቂ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፣ ተጨምሮ የሚበላ ስኳር ከዕለቱ የምግብ ኃይል ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። አንድ የተለመደ የኮላ ጠርሙስ ወደ 30 ግራም ስኳር ይይዛል፤ ይህም ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ነው። ለትንሽ ልጅ የቀኑን ድርሻ ሊጨርስ ምንም አይቀረውም። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአገራችን የአመጋገብ መመሪያም ስኳር፣ ጣፋጭና ለስላሳ እንዲቀነስ ይመክራል። ስለ ጥርሱ ያ ወንድም እውነቱን ነበር።

ከዚያ እሑድ በኋላ ግን አንዲት እናት ከጉባኤ ቀረች። አንድ እሑድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው ሳምንት ቤቷ ሄድን። በደስታ ተቀበለችን፤ ቡና አፈላች፤ በየሲኒያችን ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረች። ይህች እናት ስኳር የምታገኘው ከሸማቾች ማኅበር ተራ ጠብቃ ነው። ስኳር ሲጠፋ እንግዳ በጨው ቡና በሚስተናገድበት አገር፣ ይህ ምን ያህል ክብር እንደሆነ እናውቃለን። በስኳር ላይ የሰበክን ሰዎች ዝም ብለን ጠጣን።

በሁለተኛው ሲኒ ላይ ተናገረች፦ «እናንተ እንደ ወላጆቼ ናችሁና አልደብቃችሁም። እኔ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቼ ለሆቴል እንጀራ ልጋግር እወጣለሁ። ልጄ ሲነሣ እኔ የለሁም፤ ምሳ ዕቃውን የሚሞላው ራሱ ነው። ስምንት ዓመቱ ነው። ብስኩት የማስቀምጥለት እሳት ስለማይፈልግ ነው። የሰው እንጀራ ስጋግር የምነጋ ሴት ነኝ፤ ለልጄ ምሳ አልደርስም። ያን ቀን ስለ ትጋት ስትናገሩ ሁሉም ወደ እኔ ያየ መሰለኝ።»

መልስ አልነበረንም። ይቅርታ ጠየቅናት። አልቅሰን ጸለይን። በቀጣዩ እሑድም በዚያው መድረክ ላይ ቆመን ይቅርታውን በጉባኤ ፊት ደገምነው። በአደባባይ ያቆሰልነውን በጓዳ ብቻ ማከም ትክክል አልመሰለንም።

ቤታችን ስንመለስ ሌላም ነገር ትዝ አለን። በልጆች አገልግሎታችን ጥቅስ በቃሉ ለያዘ ልጅ ለዓመታት ስንሸልም የኖርነው ምን ነበር? ከረሜላ! የራሳችንን እጅ ሳናይ የድሀዋን እናት ምሳ ዕቃ ፈተሽን።

ከዚያ በኋላ ሮሜ 14ን እንደገና አጠናን። በነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የተማርነው፣ ብዙ ጊዜም ያስተማርነው ምዕራፍ ነው፤ የልጅ ምሳ ዕቃ ይዘን ግን አንብበነው አናውቅም ነበር። በሮም ጉባኤ አንዱ ሁሉን ይበላል፤ ሌላው አትክልት ብቻ ይበላል። አንዱ ቀንን ከቀን ይለያል፤ ሌላው ሁሉንም እኩል ያያል። የእኛ ረቡዕና ዓርብ ማለት አይደለምን? ጳውሎስ የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ ይመክራል፤ የእግዚአብሔር መንግሥት በመብልና በመጠጥ እንዳልቆመችም ያስታውሳል። በምሳሌ መጽሐፍም ጠቢቡ በ24፥13 ልጁን ማር ብላ ይለዋል፤ በ25፥16 ደግሞ የሚበቃህን ብቻ ብላ ይለዋል። ጣፋጩ ስጦታ ነው፤ ልኩም ትእዛዝ ነው። አባትየውም እናትየውም ጥቅስ አላቸው ማለት ነው።

ዓይናችንን የከፈተው ግን 1ኛ ቆሮንቶስ 8፥13 ነው። ጳውሎስ ሥጋ መብላት ኃጢአት እንዳልሆነ ያውቃል፤ ሆኖም ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ይተወዋል። ነጻነቱ ለሌላው ሲል እስከ መተው የሚደርስ ነው። እኛ ለልጆቻችን ያስተማርናቸው የመብላት ነጻነትን ብቻ ነበር፤ ለጎረቤት ሲሉ የመተው ነጻነትን አላስተማርናቸውም። ዕንቁላሉን በረቡዕ ማሸግ መብታችን ነው። ግን ለምን? በጉና ሥር ድንች ሞልቶ፣ ገብስና ባቄላ እያለ፣ ልጃችን ከጓደኞቿ ጋር የምትቆርሰውን ምግብ ትተን የማይቆረሰውን የምንልክላት ለማን ክብር ነው?

ይህን ለዕንቁላሏ እናት ስንነግራት መጀመሪያ ቅር አላት፤ «ልጾም ነው እንዴ?» አለች። «አይደለም፤ ጾም አንጨምርብሽም፤ ይህ ስለ ልጅሽ ጓደኞች ነው» አልናት። አሁን በነዚያ ቀናት የተቀቀለ ድንች በአዋዜ፣ የገብስ ቆሎ ወይም ሽሮ ፍትፍት ታሽጋለች። ልጅቱ ምን እንዳለች ጠየቅናት። «ድንቹ ቶሎ ያልቃል፤ ከዓለምም ሁሉ ይካፈሉኛል ትላለች» ብላ ሳቀች።

ብስኩት የሚይዘው ልጅስ? ጎረቤታቸው የሆነች እህት እናቱን አስፈቅዳ ከልጇ ምሳ ጋር የእሱንም ታሽጋለች፤ ሁለቱ ልጆች ከአንድ ትልቅ ምሳ ዕቃ ይበላሉ። እናቱም በእጇ ባዶ መሆን አትወድምና ቅዳሜ ቅዳሜ ለዚያች እህት እንጀራ ትጋግርላታለች። የጥቅስ ሽልማታችንም እርሳስና ደብተር ሆኗል።

ሁሉም ነገር ተፈታ አንልም። ከረሜላ በሱቁ ሁሉ አለ፤ ልጅም ልጅ ነው። የጥርሷ ነገር ያስጨነቀው ወንድማችን አሁንም አንዳንድ ሐሙስ ቅሬታውን ያነሣል፤ እናዳምጠዋለን። ነገር ግን ሁለቱ ወላጆች ጎን ለጎን ተንበርክከው አንዱ ለሌላው ልጅ ይጸልያል።

በዮሐንስ 6፥9 ላይ አንድ ብላቴና አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ይዞ እናገኘዋለን። ገብስ መሆኑንም፣ ልጅ መሆኑንም የሚነግረን ዮሐንስ ብቻ ነው። ያን ስንቅ ማን እንደ ቋጠረለት አልተጻፈም። ጌታም ምግቡ ለምን የድሀ ሆነ አላለም፤ ተቀብሎ አመሰገነ፤ በእጁም ለብዙዎች ተረፈ።

ወላጆች ሆይ፣ ነገ ጠዋት የልጃችሁን ምሳ ዕቃ ስትዘጉ ሁለት ነገር ጠይቁ። ይህ ለልጄ አካል ይጠቅማልን? አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅስ እጁን ሊዘረጋበት ይችላልን? የሌላውን ልጅ ምሳ ዕቃ አይታችሁ በእናቱ ላይ ለመፍረድ ስትቃጡ ደግሞ፣ እሷ በስንት ሰዓት ከቤት እንደወጣች አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የሰማይ አባት ሆይ፣ የዕለት እንጀራችንን ስጠን። ባዶ ምሳ ዕቃ ይዘው የሚውሉትን ልጆች አስብ፤ ፈጥነን የፈረድንባቸውን እናቶች ልብ ፈውስ፤ ልጆቻችን አብረው እንዲበሉ ጸጋህን አብዛልን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።