«የልብ ታማሚ» ብቻ ተብሎ አይጻፍ

በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት የልብ ቫልቭ የተቀየረለት ሰው በቤታችሁ ወይም በጉባኤያችሁ ይኖር ይሆናል። አንዲት የማውቃት እህት አግብታ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ የያዘችው የሪፈር ወረቀት «የልብ ታማሚ» ይል ነበር፤ በቃ። ቫልቭዋ ግን ሜካኒካል ነው፤ ዋርፋሪን ዕድሜ ልክ ይወሰድለታል። ከእንስሳ አካል የተሠራው ቢሆን፣ ሌላ ምክንያት ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። በአይሲዲ-10 የበሽታዎች መለያ እንኳ ኮዳቸው ይለያያል፤ የሜካኒካሉ ዜድ 95.2፣ የእንስሳው ዜድ 95.3 ነው።

ኮዱ ግን የተቀየረው ሚትራል ይሁን አኦርቲክ አይናገርም። ስለዚህ ይህ፣ የቫልቩ ዓይነትና መጠን፣ የቀዶ ሕክምናው ቀን፣ የሚፈለገው አይኤንአርም በካርዱ ላይ ይጻፍ። ለሜካኒካል ሚትራል አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ዋርፋሪን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። በራስ ፈቃድ ማቆሙ ደግሞ ቫልቩ ላይ ደም አርግቶ እናቲቱን ሊገድል ይችላል። (የመጋቢ ሚስት ነኝና ልናገር፦ ከተጸለየላችሁ በኋላም ክኒኑን የሚያስቆመው ሐኪም ነው።) እህታችን ከማርገዟ በፊት ባሏ ካርዱን ከአሮጌ ሻንጣ ፈልጎ አወጣ፤ የልብ ሐኪሙም ምክሩን የጀመረው እሱን አንብቦ ነው።

ጥርስ ከማስነቀላችሁም በፊት አሳዩት፤ አስቀድሞ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ አለ። ፎቶውን በሁለታችሁም ስልክ ያዙ።