በውስጥ መስመር የሚላከው ፎቶ

ቴሌግራም ላይ ካሉት የትዳር ፈላጊ ቻናሎች አንዱን ከፍታችሁ ብታዩ ማስታወቂያዎቹ ይመሳሰላሉ። ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሚኖሩበት ከተማ፣ "ለቁም ነገር የምትፈልግ"፣ "ፈጣሪዋን የምትፈራ"፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ "ፎቶ በውስጥ መስመር"። ከዚያ በኋላ ብዙው ነገር የሚወሰነው በዚያች ፎቶ ነው። ደጋን ሆና ጅዳ ላለ ሰው የምትልክ እህት፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ እየሠራ ደሴ ላለች ልጅ የሚልክ ወንድም፣ ሁለቱም የምትሆን አንድ ፎቶ ፍለጋ ስልካቸውን ሲያገላብጡ ያመሻሉ። ፎቶ ማንሳት ስለምወድ "እስቲ አንድ ጥሩ አንሳኝ" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ከልቤ የማምንበትን ልጻፍ።

ፎቶ ልኮ መተጫጨት ለእኛ አዲስ አይደለም። ከኢንተርኔት በፊት ሰው ፎቶ ቤት ይገባ ነበር፤ አንድ ጉርድ፣ አንድ ሙሉ ቁመና ይነሳና በፖስታ ወይም በመንገደኛ እጅ ይሄዳል። አንሺው አገጭ ቀና ያደርጋል፣ ኮሌታ ያስተካክላል፣ "ትንሽ ወደ መስኮቱ" ይላል። ሲታጠብ ደግሞ እናት ወይም ታላቅ እህት ናት "ይቺ ትሂድ" የምትለው። ዛሬ ይሄ ሁሉ ቀርቶ ሰው ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ክንዱን ዘርግቶ ይነሳል፣ ብቻውን ያያል፣ ብቻውን ይመርጣል። የምቃወመው ይህንን ብቸኝነት ነው። ፎቶ ልክ እንደ ሽማግሌ ነው፤ እኛን ወክሎ ሰው ቤት ይገባል። ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ የሚሄድ ሰው ደግሞ የለም።

ነገሩ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ዋይት የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ጥናት አሳትሟል። ሰዎች ከራሳቸው ፎቶዎች መካከል ለፌስቡክ፣ ለሥራ እና ለፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ የሚሆነውን እንዲመርጡ ተደረገ፤ ከእነዚያው ፎቶዎች የማያውቋቸው ሰዎችም መረጡላቸው። ሌሎች ተመልካቾች ሲመዝኑት፣ ባዳው የመረጠው ፎቶ ባለቤቱ ከመረጠው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ አይገርመኝም። እኛ ፊታችንን የምናውቀው በመስታወት ነው፣ ግራና ቀኙ ተገላብጦ። ፎቶ ስናይ ደግሞ ዓይናችን የሚሮጠው ወደማንወደው ነገር ነው፤ ወደ ጥርሳችን፣ ወደ ግንባራችን። ሌላ ሰው ግን የሚያየው ሙሉውን ሰው ነው። ስለዚህ ሃያ ያህል ተነሱ፣ ከዚያ ስልኩን ለምትወዳችሁ እህት ወይም ለአክስታችሁ ስጡና እናንተ ዘወር በሉ። የመረጡትን ባትወዱትም ላኩት።

ማንሳቱም ቢሆን በሌላ ሰው እጅ ይሁን። ሰልፊ ፊትን ያዛባል። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ በፊት ቀዶ ሕክምና መጽሔት የታተመ ስሌት እንደሚያሳየው፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የተነሳ ሰልፊ ከ1.5 ሜትር ከተነሳ ፎቶ ጋር ሲተያይ የአፍንጫን ስፋት በ30 ከመቶ ገደማ አግዝፎ ያሳያል። ስንቷ ቆንጆ በዚህ የተነሳ አፍንጫዋን ጠልታለች! አንሺው ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ፤ ስልኩ 2 እጥፍ ማቅረቢያ ካለው እሱን ይንካ፤ ስልኩን በዓይናችሁ ትክክል ይያዝ። ከዚያ በፊት ግን የካሜራዋን መስታወት በንጹህ ጨርቅ ይጥረግ። የኪስ ላብና አቧራ ካለበት ፎቶው ሁሉ ጭጋግ ለብሶ ይወጣል።

አሁን ወደ ብርሃን ልምጣ፤ የምወደው እሱን ነው። የእኛ አገር ፀሐይ ከላይ ነው የምትወርደው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። በሌላውም ወር ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ብርሃን ለፊት አይሆንም። ቅንድብ ዓይን ላይ ጥላ ይጥላል፣ ከአፍንጫ በታች ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፣ ግንባር ያብረቀርቃል፤ ሰውየው ሳይከፋው የከፋው ይመስላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ደግሞ ሰማይዋ ሲጠራ ፀሐይዋ ትበረታለች።

የደሴ ልጅ የሆነ ሰው አንድ ሌላ ነገር ያውቃል። የጦሳ ተራራ ከከተማዋ በስተምዕራብ ነው ያለው። ስለዚህ ፎቶ አንሺዎች ሁሉ የሚያወድሱት የማታ ወርቃማ ብርሃን ለደሴ ብዙም አይደርሳትም፤ ጀምበር ገና ሳትጠልቅ ተራራው ይጋርዳታል፣ ከተማዋም በጥላ ትዋጣለች። የደሴ ብርሃን የጠዋት ነው። ፀሐይ ከአዝዋ ገደል በኩል ወጥታ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ በአግድም ስትመጣ፣ ጦሳ ግርጌ የቆመ ሰው ፊት ላይ የምታርፈው ለስላሳ ብርሃን በየትኛውም ስቱዲዮ የለም። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሜዳው ሰፋ ይላል፤ እዚያና ወደ ባቲ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለችው ደጋን ከ11 ሰዓት በኋላም መነሳት ይቻላል። ብቻ አትዘግዩ፤ በእኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ ምሽቱ ቶሎ ነው የሚጨልመው።

ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ሆናችሁ ያላችሁ ሰዓት እኩለ ቀን ብቻ ከሆነ ጥላ ፈልጉ። የዋርካ ወይም የሾላ ጥላ ጥሩ ነው፤ ግራር ግን ቅጠሉ ስስ ስለሆነ ፊት ላይ ብርሃን ያንጠባጥባል፣ ፊቱ ዥንጉርጉር ይሆናል። ከጥላው ጠርዝ አንድ እርምጃ ገባ ብላችሁ ፊታችሁን ወደ ብርሃኑ አዙሩ። ከዚያ ነጠላ ወይም ማንኛውንም ነጭ ሻሽ አንድ ሰው ከደረታችሁ ዝቅ አድርጎ ይዘርጋላችሁ፣ ፎቶው ውስጥ በማይታይበት ቦታ። አንድ ጊዜ ነጠላው ሲዘረጋ አንድ ጊዜ ሲነሳ ተነስታችሁ አስተያዩ። ነጠላው ሲዘረጋ ከቅንድብ ሥር የነበረው ጨለማ ይገፈፋል፣ ብሌኑ ላይ ትንሽ ነጭ የብርሃን ነጥብ ትታያለች። ዓይን "በራ" የምንለው ያችን ነጥብ ስናይ ነው። ጥቁር ሒጃብ ወይም ጥቁር አባያ የለበሰች እህት ይህን በተለይ ትያዝ፤ ጥቁር ልብስ ብርሃኑን ስለሚውጥ ወደ ፊት የሚመልሰው የለም። ከጀርባ ሰማይ ካለና ፊት ከጨለመ አንሺው ስክሪኑ ላይ ፊቷን ይንካ፣ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ይሳባት፤ ይኸው ነው። ክረምት ላይ ደመና ሲሆን ደግሞ አትዘኑ፤ ያኔ ሰማዩ ራሱ ትልቅ ነጠላ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የቀለም ነገር ነው። ጠይሟ እህቴ በፊልተር ቀይ ሆና ትሄዳለች፣ የቀይ ዳማው ወንድሜ ፊት እንደ ሰም ተለስልሶ ይሄዳል። ይህ ነገር ሥር አለው። የኮዳክ ፊልም በነበረበት ዘመን ላቦራቶሪዎች የቆዳ ቀለምን ሲያስተካክሉ ለአሥርተ ዓመታት የተጠቀሙት "ሸርሊ" በሚባል ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ለእሷ የሚያምር ሆኖ የተሠራው ፊልም የእኛን አባቶችና እናቶች አጨለማቸው። የስልክ ሠሪዎች ይህንን በግልጽ ማረም የጀመሩት በቅርብ ነው፤ ጎግል "ሪል ቶን" ያለውን አሠራር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነበር። ካሜራው ጠይምን በወጉ ማየት በጀመረበት በዚህ ጊዜ እኛው በገዛ ጣታችን ስናነጣው ያሳዝነኛል። ጠይም ቆዳ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ወርቅና መዳብ ይሆናል፤ ነጭ ቆዳ ይህንን አያደርግም። ደግሞስ በአካል ስትገናኙ? ፎቶው የተላከለት ሰው ከሳዑዲ ሲመለስ ኮምቦልቻ አንድ ካፌ ውስጥ ትቀመጣላችሁ፤ የመጀመሪያዋን ሰዓት በውስጡ "ይቺ ናት?" እያለ ካሳለፈ፣ የቀረው ጨዋታ ምን ይረባል? በእስልምናም ለትዳር የታሰቡ ሰዎች መተያየታቸው የተፈቀደው አውቀው እንዲወስኑ ነው። ፀሐይ ታሳምራችሁ፣ ጥላ ታሳምራችሁ፣ የለበሳችሁት ያሳምራችሁ፤ ይሄ ሁሉ ሐላል ነው። ያልሆናችሁትን ግን አትላኩ።

ስለ ቦታ ብዙ አልልም። ሐይቅ ውብ ነው፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሙሽሮች ይሂዱበት። ለመተዋወቂያ ግን የሐይቁ ስፋት ሰውን ያሳንሳል። የሰው መኪና ተደግፎ መነሳት፣ የሆቴል በር ላይ መቆም፣ ጥቁር መነጽር፣ እነዚህ ስለ ባለቤቱ የሚናገሩት ነገር የለም። ደጋን ያለ ልጅ ማሽላው ዘለላ ሲያወጣ ከእርሻው ዳር ቢነሳ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ከአረንጓዴው ግን ጥቂት እርምጃ ይራቅ፤ ተጠግቶ ከቆመ ቅጠሉ ፊቱ ላይ አረንጓዴ ይጥልበታል። ሲነሳ ደግሞ "ሳቅ በል" አትበሉት፤ ስለ እናቱ ጠይቁት፣ ሲመልስ አንሱት።

እህቶቼ፣ ስትልኩ ደግሞ ጥንቃቄ አይለያችሁ። ከጀርባችሁ የመሥሪያ ቤት ታፔላ፣ የሱቅ ስም፣ የቤት በር አይታይ። ቴሌግራም ላይ ፎቶን በ"ፋይል" መልክ ከላካችሁት ስልኩ የመዘገበው የቦታ መረጃ አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ እንደ ተራ ፎቶ ላኩት። ከቤተሰብ አንድ ሰው ለማን እንደላካችሁ ይወቅ።

ለወንድሞቼ ያለኝ አንድ ልመና ነው። በውስጥ መስመር የተላከላችሁን ፎቶ ለጓደኛ አታስተላልፉ፣ "ይቺን እዩልኝ" ብላችሁ ግሩፕ ላይ አትጣሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ነገሩ ካልተሳካ "አልሆነም፣ አላህ የተሻለውን ይስጥሽ" በሏትና ፎቶዋን ከስልካችሁ አጥፉት።