የፈረምነው ውልና የማናውቀው መብት



ውል ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ኒካሕ፣ የቤት ሽያጭ ወይም የንግድ ሽርክና ነው። ዛሬ ግን፣ በተለይም በውጭ አገር የሚኖረው ወገናችን፣ ስልክ ሲያወጣ ይፈርማል፤ መኪና ሲገዛ ይፈርማል፤ ሐኪም ቤት ሲገባም ይፈርማል። ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ፊደሉ የደቀቀ፣ አስፈራሚውም የቸኮለ ነው። ታዲያ ሙስሊም የፈረመውን ውል ማፍረስ ይችላልን? መብቱን መጠየቁስ ቃል ማጠፍ ይሆንበታልን? ይህን ጥያቄ በቤተሰባችን ውስጥ ከገጠመን አንድ ጉዳይ ተነሥተን እንመልከተው።

ጉዳዩ የጥርስ ነው። የአጎታችን ልጅ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በተባለው ከተማ ከወላጆቿ ጋር የምትኖር የሃያ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ናት። የፊት ጥርሶቿ የተደራረቡ በመሆናቸው «አላይነር» የሚባለውን ሕክምና ልትጀምር አሰበች። አላይነር በእያንዳንዱ ታካሚ አፍ ልክ የሚሠራ ስስና ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት ጥርስ ላይ ይቆያል፤ ለምግብና ጥርስ ለመቦረሽ ብቻ ይወልቃል፤ በየአንድ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በሌላ እየተተካ ጥርሱን ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ይገፋዋል። እንደ ሽቦው ስለማይታይ ወጣቶች ይመርጡታል።

«ጥርስ ማስተካከልስ በሸሪዓ ይፈቀዳልን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለመዋብ ሲሉ ብቻ ጥርሳቸውን የሚያራርቁትን መኮነናቸው በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። በሌላ በኩል ደግሞ ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ የተባሉት ሶሓባ አፍንጫቸው በጦርነት በተቆረጠ ጊዜ የወርቅ አፍንጫ እንዲያሠሩ እንደፈቀዱላቸው አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ከዚህም በመነሣት ዑለማኦች ጉድለትን ማከምና ያለ ምክንያት የአላህን ፍጥረት መለወጥ የተለያዩ መሆናቸውን ያስረዳሉ። የተደራረበ ጥርስ ለማጽዳት ያስቸግራል፤ ማላመጥንም ሊያውክ ይችላል። የልጅቱ ጉዳይ ከዚህኛው ወገን ነበር።

ችግሩ የመጣው ከውሉ ነው። ልጅቱ «ምርመራ በነፃ» የሚል ማስታወቂያ አይታ ብቻዋን ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደች። ጥርሷ በመሣሪያ ተቀረጸ፤ ራጅ ተነሣች፤ በዚያው ዕለት ለ5,400 ዶላር ውል ፈርማ ወጣች። ገንዘቡን ለክሊኒኩ በአንድ ጊዜ የከፈለው ሌላ አበዳሪ ድርጅት ነበር፤ የእርሱም ወረቀት በዚያው ጠረጴዛ ላይ ተፈረመ። በዘጠነኛው ቀን የቤተሰቡ የጥርስ ሐኪም አፏን አይቶ ድዷ የታመመ በመሆኑ አስቀድሞ እርሱ መታከም እንዳለበት ነገራት። በታመመ ድድ ላይ ጥርስን ማንቀሳቀስ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ሊጎዳ ይችላል። ወደ ክሊኒኩ ደውላ ውሉን መሰረዝ እንደምትፈልግ ስትናገር ግን ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ «ትዕዛዙ ተልኳል፤ የሚመለስ ገንዘብ የለም» አለቻት።

አጎታችን ይህን ሲሰሙ የፈረዱት በልጃቸው ላይ ነው። «ፈርመሻል፤ ክፈይ። ሙስሊም ቃሉን አያጥፍም። ደግሞስ እንግዶች ሆነን በሰው አገር እየተሟገትን ስማችንን እናጠፋለን?» አሉ። ልጅቱም «አባዬ፣ ያልተሰጠኝን ሕክምና እንዴት እከፍላለሁ?» ብላ አለቀሰች። ከዚያም ጉዳዩ ወደኛ መጣ። አጎታችን በዕድሜም በዲንም የምናከብራቸው ሰው በመሆናቸው ነገሩን በጥሞናና በአደብ ማየት ግድ ሆነብን።

አጎታችን የተናገሩት መሠረት አለው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳህ መጀመሪያ ላይ ምእመናን ውሎቻቸውን እንዲሞሉ ያዛል። ነገር ግን ይኸው ሸሪዓ ውል የሚጸናበትንና የሚፈታበትን መንገድ አብሮ አስተምሮናል። በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አያ፣ ከቁርኣን አያዎች ሁሉ ረጅሙ፣ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገር ነው፤ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍና ዕዳው ያለበት ሰው ራሱ እንዲያስጽፍ ያዛል። ዕዳው ያለበት ሰው የሚጻፍበትን አውቆ ይፈራረም ማለት ነው። በፊቅህ ኪታቦች ውስጥም «ኺያር» የሚባል ሰፊ ምዕራፍ አለ፤ ይኸውም ገዢና ሻጭ ውሉን የማጽናት ወይም የመተው ምርጫ የሚኖራቸው መቼ እንደሆነ የሚያብራራ ነው። በገበያ እየተታለሉ የተቸገሩ አንድ ሶሓባ ነበሩ፤ በአንዳንድ ዘገባዎች ሐብባን ኢብኑ ሙንቂዝ ተብለው ተጠቅሰዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲገዙ ማታለል እንዳይኖርበት በግልጽ እንዲናገሩ አስተማሯቸው፤ በነዚሁ ዘገባዎች የሦስት ቀን ምርጫም ተሰጥቷቸዋል። እህል የሚሸጠውን ሰው ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥቡን ከታች ባገኙት ጊዜም ሰው እንዲያየው ከላይ ማድረግ እንደነበረበት ገሥጸውታል።

ከዚህም ሌላ «ኢቃላ» የሚባል አለ። ይህም አንደኛው ወገን በገባበት ውል ሲጸጸት ሌላኛው ተስማምቶ ውሉን መፍታቱ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አላህ ስሕተቱን እንደሚያነሣለት አቡ ዳውድ የዘገቡት ሐዲስ ያበስራል። እንግዲህ ውል እንዲፈታ መጠየቅ ነውር ቢሆን ኖሮ ለሚፈታው ሰው ይህ ሁሉ ምንዳ ባልተነገረ ነበር።

አጎታችንን ይበልጥ ያስደነገጣቸው ግን ሁለተኛው ወረቀት ነው። ከአበዳሪው ጋር የተፈረመው ውል በትልቅ ፊደል «ለ24 ወር ወለድ የለም» ይላል። ከሥር በደቃቅ ፊደል ደግሞ ዕዳው በ24 ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈለ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሚታሰብ ተጽፏል። በየወሩ የሚመጣው ሒሳብ የሚጠይቃት ዝቅተኛ ክፍያ 140 ዶላር ነበር። አስልተን አሳየናቸው፤ 140 በ24 ሲባዛ 3,360 ነው። ስለዚህ ልጅቱ አንድም ወር ሳታሳልፍ የተጠየቀችውን ብትከፍል እንኳ በመጨረሻው ቀን 2,040 ዶላር ይቀርባታል፤ የሁለት ዓመቱም ወለድ በአንድ ጊዜ ይወርድባታል። ከወለድ ለመዳን በወር 225 ዶላር መክፈል ነበረባት፤ ይህን ቁጥር ግን ጠረጴዛው ላይ ማንም አልነገራትም። አጎታችን ወረቀቱን አስቀምጠው «ሪባ እኮ ነው» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ስም መጥፋት አልተናገሩም።

ይህ ዓይነቱ ብድር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ኬርክሬዲት የተባለው የሕክምና ክሬዲት ካርድ አቅራቢ እስከ 34.1 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞች እንዲመልስ አዝዞ ነበር። ምክንያቱም በሐኪም ቤቶችና በጥርስ ክሊኒኮች ውስጥ የተመዘገቡ ብዙ ሰዎች ወለዱ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደሚታሰብ በቅጡ ያልተነገራቸው በመሆኑ ነው።

ወደ መብቱ እንመለስ። በአሜሪካ «ማንኛውም ውል በሦስት ቀን ይሰረዛል» የሚል ወሬ በወገኖቻችን ዘንድ በሰፊው ይነገራል። ትክክል አይደለም። የፌዴራሉ የሦስት የሥራ ቀን ደንብ የሚያገለግለው ሻጭ ወደ ቤት መጥቶ ወይም እንደ ሆቴል አዳራሽ ባለ ጊዜያዊ ቦታ ለሸጠው ነው። ቋሚ ክሊኒክ ውስጥ ሄደን የፈረምነውን አይሸፍንም። በአንጻሩ ግን ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ ማቆም የታካሚው መብት ነው፤ ፈቃዱን ከነሣ ማንም በግድ አያክመውም። የሚቀረው የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ እርሱም የሚወሰነው በውሉ ውስጥ ስለ መሰረዝ በተጻፈው አንቀጽና በእርግጥ በተሠራው ሥራ ነው። አላይነር በአንድ ሰው አፍ ልክ ስለሚሠራ አንዴ ከተመረተ ለሌላ አይሆንም፤ ለዚህም ቀኑ ወሳኝ ነው።

የልጅቱን ውል ስናነብ ሽፋኖቹ ተሠርተው ከመረከቧ በፊት ብታቆም የምርመራና የዕቅድ ዋጋ ብቻ እንደሚቀነስ በአራተኛው ገጽ ተጽፎ አገኘን። ስለዚህ በስልክ መነጋገሩን ትተን ደብዳቤ ጻፍን። ሕክምናውን ከዚህ ቀን ጀምሮ ማቆሟን፣ የሥራው ዋጋ በዝርዝር እንዲሰጣት፣ ትዕዛዙ ለፋብሪካ የተላለፈበት ቀን እንዲገለጽላት፣ የራጇና የጥርሷ ቅርጽ ቅጂም እንዲደርሳት ጠየቅን። የሕክምና መረጃን ቅጂ ማግኘት በፌዴራል ሕግ የተሰጠ መብት ነው፤ መልሱም በመሠረቱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ለአበዳሪውም በጽሑፍ አሳወቅን፤ በክሬዲት ካርድ ሒሳብ ላይ ያልተሰጠ አገልግሎት ሲከፈልበት የመጀመሪያው ሒሳብ በተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም ይቻላልና። በሜሪላንድ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤት በታካሚና በሐኪም ቤት መካከል የሚነሣን የሒሳብ ክርክር በነፃ የሚያሸማግል ክፍል እንዳለውና ወደዚያም እንደምንሄድ በትሕትና ጠቀስን።

በሁለተኛው ሳምንት መልስ መጣ። ትዕዛዙ ገና አልተመረተም ነበር። ክሊኒኩ ለራጅ፣ ለቅርጽና ለዕቅድ 850 ዶላር ቀንሶ 4,550 ዶላር ለአበዳሪው መለሰ። ልጅቱ «ምርመራ በነፃ ብለው አልነበር?» ብላ 850ውን መክፈል አልፈለገችም። አሁን ደግሞ አጎታችን ትክክል ነበሩ። ለምርመራው እንጂ ለራጁና ለዕቅዱ ነፃ እንዳልተባለ ውሉ ላይ ሰፍሯል፤ ሥራውም ተሠርቷል፤ የሠራተኛ ዋጋ ደግሞ አማና ነው። ወለድ ሳይነካው በዚያው ወር ተከፈለ። መብትን መጠየቅና ሐቅን መክፈል የአንድ ሚዛን ሁለት ወገኖች መሆናቸውን ሁሉም ያየው ያኔ ነው።

ሁሉም እንዲህ አይቀናውም። ስማይል ዳይሬክት ክለብ የተባለው ኩባንያ አላይነርን በፖስታ ወደ ቤት እየላከ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ሰኔ ወር ላይ ከዋሽንግተን ዲሲ ዐቃቤ ሕግ ጋር ባደረገው ስምምነት ከ17,000 በላይ ደንበኞችን ከዝምታ ውል እንዲፈታ ተገደደ። ገንዘብ እንዲመለስላቸው የጠየቁ ሰዎች ስለ ደረሰባቸው እንዳይናገሩ አስፈርሟቸው ነበርና። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ኩባንያው ተዘጋ፤ ሕክምናቸው በመሐል የተቋረጠ ሰዎች በክፍያ ዕቅዱ መሠረት መክፈላቸውን እንዲቀጥሉ ተነገራቸው። ገንዘብ ለማስመለስ ሲባል አፍ የሚያዘጋ ወረቀት መፈረም ሌላውን ወንድም ለጉዳት ማጋለጥ እንደሆነ ከዚህ እንማራለን።

አገር ቤት ያለው አንባቢም ነገሩ የሩቅ ነው እንዳይል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ ያለመገደድና ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብቶችን አስፍሯል። ደረሰኝ መቀበልና መያዝ የዚህ ሁሉ መነሻ ነው።

ለወጣቶቻችን የምንመክረው ይህን ነው፤ በመጀመሪያው ቀን አትፈርሙ። ወረቀቱን ወደ ቤት ውሰዱ፤ የመሰረዝን አንቀጽ ፈልጉ፤ ብድር ካለበት ወለዱ ከየት እንደሚጀምር ጠይቁ። ሕክምናው ተጀምሮ ከሆነ ደግሞ በድንገት አታቋርጡ፤ ጥርስ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ መያዣ እንዲሠራላችሁ ወይም ወደ ሌላ ሐኪም እንድትዛወሩ ጠይቁ። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ፈርመው ሲመጡ ከመቆጣታችሁ በፊት ወረቀቱን አብራችሁ አንብቡ፤ ቋንቋው ቢያስቸግራችሁ የሚያነብላችሁ ፈልጉ። ሐያእ ከኢማን ነው፤ ሐቅን ከመጠየቅ የሚያግድ ይሉኝታ ግን ሐያእ አይደለም። ክሊኒክና ሱቅ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም የተጸጸተ ደንበኛ ሲመጣባችሁ የኢቃላን ምንዳ አስታውሱ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሲገዙም፣ ሲሸጡም፣ ሐቃቸውን ሲጠይቁም ገር ከሆኑት ባሮቹ ያድርገን፤ ሪዝቃችንን ከሪባ ያጽዳልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።