ካርዱን የሚቀበለው ሐኪሙ ሳይሆን በሩ ነው

 

ሰሞኑን ብዙ ሰው በውስጥ መስመር «የመንግሥትን የጤና መድን ካርድ የሚቀበል የሳንባ ሐኪም አለ ወይ?» እያለ ይጠይቀኛል። ለእያንዳንዱ መመለስ ስላቃተኝ በኛ የደረሰውን እንዳለ ልጻፈው። ረጅም ነው፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እንደምታውቁት ቀን ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ አንድ መጋዘን የሚገባና የሚወጣ ዕቃ እቆጥራለሁ፣ ማታ የስደተኛ ልጆችን አስጠናለሁ። እዚያው መጋዘን ጆንያ የሚሸከሙ፣ ግቢያችን ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ የወሎ ሰው አሉ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው መምህር ይሉኛል። ቀድሞ ወደብ ላይ ማዳበሪያ ሲያራግፉ ከርመዋል። ያ ማዳበሪያ ተጭኖ አገራችን ገበሬ እጅ ይገባል፣ አቧራው ግን እዚህ በሰው ደረት ይቀራል።

ጋሼ ሦስት ወር ሙሉ ሲያስሉ ነበር። መጋዘን ውስጥ ሳሉ እንዳይሰማባቸው በፎጣ አፍነው ነው የሚያስሉት። ለምን ብላቸው፣ «መምህር፣ አለቃው ከሰማኝ ነገ ከሚጠራው ስም ውስጥ የለሁበትም። ጎረቤቱም ቲቢ ነው ብሎ ኩባያዬን ይለያል» አሉኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል። አገር ቤት ስምንት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ሳንባን በጠመኔ ስንቴ ሥዬዋለሁ! ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል መመርመር እንዳለበት ለተማሪ የምነግረው እኔ ነበርኩ።

አንድ ሌሊት ተጠርቼ ስሄድ ጋሼ የመስኮቱን ብረት ጨብጠው ተቀምጠዋል። ትንፋሻቸው ያፏጫል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አልቻሉም። ታክሲ ይዘን ድንገተኛ ክፍል ወሰድናቸው። ኦክስጅን ሰጧቸው፣ ሲነጋም ቀለል አላቸው። የተሰጠን ምክር አጭር ነው፤ የሳንባ ስፔሻሊስት ይያቸው። በፈረንሳይኛው «ፕኔሞሎግ» ይሉታል፣ ቃሉን ያዙት።

ፍለጋው ከዚያ ጀመረ። በሰው በሰው ጠይቀን አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። ካርዱን ሳወጣ ልጅቷ ገና ሳታየው እጇን አወዛወዘች። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ይመጣል አለችን። የጠራችው ዋጋ ጋሼ በሳምንት ከሚያገኙት ይበልጣል። ሌላ ቦታም ሄድን፣ መልሱ ያው ነው። ስንወጣ ጋሼ ደረጃው ላይ ተቀመጡና «ካርዱ ለፎቶ ነው እንዴ የሰጡን?» አሉኝ።

ካርዱ ለፎቶ አይደለም። ጅቡቲ ሁለንተናዊ የጤና መድኗን በሕግ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በ2017 ደግሞ የስደተኞች ሕግና ተከታዮቹ ድንጋጌዎች ወጥተው ሕክምና፣ ትምህርትና ሥራ ለስደተኛም መብት ሆኑ፤ በኋላም ስደተኛው ወደ መድኑ ገባ። መድኑ ሁለት ክንፍ አለው። አንዱ ሠራተኛና ቀጣሪ መዋጮ የሚከፍሉበት ነው፣ ሌላው አቅም ለሌለው የተዘጋጀ የማኅበራዊ ድጋፍ ነው። እንደ ጋሼ ያለ፣ በቀን የሚጠራና ስሙ የትም ያልተመዘገበ ሸካሚ ግን ደመወዝተኛ ሳይባል እየሠራ ይኖራል። ተስፋው ሁለተኛው ክንፍ ብቻ ነው።

መላውን የነገረችን አንዲት የጅቡቲ ተወላጅ ነርስ ናት፣ እግዜር ይስጣት። ሳቅ ብላ፣ «ከሰዓት በኋላ እዚህ በገንዘብ የሚያያችሁ ሐኪም እኮ ጠዋት የመንግሥት ሆስፒታል ነው ያለው። ከሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ሪፈር ይዛችሁ በማለዳ ሂዱ» አለችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ካርድ የሚቀበል ሐኪም ስንፈልግ ነበር፤ ካርዱን የሚቀበለው በሩ ነው፣ ሰዓቱና ወረቀቱ ነው። እናቴ አገር ቤት በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኗ እንዲሁ ነው የምትታከመው፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር። እያወቅሁት ነው የጠፋኝ።

ያም ቢሆን አልጋ ባልጋ አልነበረም። የጋሼ ስም ካርዱ ላይ በአንድ ፊደል፣ የስደተኛ ወረቀታቸው ላይ በሌላ ነው የተጻፈው። ለማስተካከል አንድ ሳምንት ሄደብን። በመጨረሻ ተራ ደረሰን። አክታ ሰጡ፣ ራጅ ተነሡ። ቲቢ አይደለም። ዓመታት የተጠራቀመ አቧራ የጎዳው፣ የሚጠብ የአየር ቧንቧ ነው ተባለ። ለምርመራው አልከፈልንም። ፓፉ ግን በዚያ ቀን ሆስፒታሉ ውስጥ ስላልነበረ ከውጭ ገዛን፤ ገንዘቡን ያዋጣችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው።

የካርዳችሁና የስደተኛ ወረቀታችሁ ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ጤነኛ ሳላችሁ ዛሬውኑ እዩ።

ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል አትደብቁ። ቲቢ ቢሆን እንኳ ይድናል፤ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፣ መድኃኒቱም በነፃ ነው። ኩባያ የምንለይ ሰዎችም እንፈር፤ ቲቢ በትንፋሽ እንጂ በኩባያ አይተላለፍም።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር፣ ከዚያ የመንግሥት ሆስፒታል። ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሰው ካጣችሁ ጻፉልኝ፣ ሥራ በሌለኝ ጠዋት እመጣለሁ።

ከንፈሩ የጠቆረ ወይም ትንፋሽ አጥሮት መናገር ያቃተው ሰው ካጋጠማችሁ ግን ካርድ አትፈልጉ። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል።

ጋሼን ሐኪሙ አቧራ ውስጥ እንዳይመለሱ ብሏቸው ነበር። በዘጠነኛው ቀን ተመለሱ። «መምህር፣ ሐኪሙ ሳንባዬን አየው፣ ጓዳዬን ግን አላየው» አሉኝ። ምን እላቸዋለሁ? አሁን አፍንጫቸውን በእርጥብ ሻሽ ሸፍነው፣ ፓፉን ኪሳቸው ይዘው ይሸከማሉ። በራጁ ላይ ያየሁትን ስለማውቅ እኔ ሁልጊዜ ጆሮዬ እሳቸው ጋ ነው። ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ፣ ጥበቃም ቢሆን፣ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ። ካርዱ በር ከፍቶልናል። ይህኛውን በር ግን ሰው ነው የሚከፍትልን።