የጥንት ፊልሞች ስለ ምን አያረጁም?

የሰው ልጅ አዲስ ነገርን የሚወድ ፍጥረት ነው ይባላል። ልብስ ቢሆን አዲሱን፣ ወሬም ቢሆን የዛሬውን ይመርጣል። በዚህ አስተያየት ከሄድን፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 በፊት፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር ከ1952 ዓ.ም. አስቀድሞ የተሠሩ ፊልሞች ዛሬ ወዳጅ ሊኖራቸው ባልተገባ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ሆኖ አልተገኘም። እኔ በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት የምሠራ፣ ትምህርቴን በሁለተኛ ደረጃ የፈጸምሁ፣ ዕድሜዬም አርባ ያልሞላ ሰው ስሆን፣ ከሥራ መልስ የምመለከታቸው ፊልሞች አብዛኞቹ አባቴ ገና ሕፃን ሳሉ የተሠሩ ናቸው። ባልደረቦቼ በዚህ ይሥቁብኛል። አንደኛውማ «የሙታን ፎቶግራፍ ተመልካች» የሚል ስም አውጥቶልኛል። ስሙን አልጠላሁትም፤ ሆኖም ምክንያቴን ማስረዳት ይገባኛል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

የተወለድሁትና ያደግሁት በፓዌ ነው። በ1977 ዓ.ም. በነበረው ድርቅና ረኃብ ምክንያት ወደ 80,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎና ከሌሎችም አገሮች ተነሥቶ፣ የጉሙዝ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይኖርበት በነበረው በበለስ ሸለቆ እንደ ሰፈረ የታወቀ ነው። መንደሮቹ በስም ፈንታ በቍጥር ተጠሩ፤ ዛሬም አንድ ሰው አገሩን ቢጠየቅ «መንደር ሰባት» ብሎ ይመልሳል። ወላጆቼ በዚያ ጊዜ ከወሎ ከመጡት መካከል ነበሩ። ወባው፣ ሙቀቱና ናፍቆቱ ብዙ ሰው ጨረሰ። በኋላም በኢጣሊያ መንግሥት ርዳታ የጣና በለስ ፕሮጀክት ሥራ ሲጀምር፣ አባቴ በቀን ሠራተኛነት ገብተው የጣሊያኖቹን ትራክተርና የጭነት መኪና ለማየት በቁ።

በልጅነቴ ፊልም የሚታየው በቪዲዮ ቤት ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ መቀመጫው አግዳሚ እንጨት፣ የጄኔሬተሩም ጩኸት ከፊልሙ ድምፅ የሚበልጥ ስለ ነበረ፣ ነገሩን የምንረዳው ከተዋናዮቹ ፊት ነበር። ይህ ጕድለት ሳላውቀው ትምህርት ሆነኝ። በአዲስ አበባ ሲኒማ እንደ ተጀመረ ሕዝቡ አዳራሹን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠርቶት እንደ ነበር ሰምቻለሁ። እኛ ዘንድ የነበረውን የሰይጣን ቤት ሳስታውስ፣ ሰይጣኑም በላቡ ብዛት የሚቀመጥበት አይመስለኝም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ፣ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 የሠራውን «የቢስክሌት ሌቦች» የተባለውን የኢጣሊያ ፊልም በፍላሽ ይዤ መጣሁ። ታሪኩ አጭር ነው። አንቶንዮ የሚባል ሥራ ያጣ የሮማ ሰው ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ቢስክሌት ላለው ብቻ ነው። የእርሱ ቢስክሌት ደግሞ በብድር መያዣ ተይዞአል። ሚስቱ የአልጋቸውን አንሶላ አስይዛ ታስለቅቅለታለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ እርሱ መሰላል ላይ ሆኖ የአንዲት የአሜሪካ ተዋናይ ሥዕል ሲለጥፍ፣ ሌባ ቢስክሌቱን ይዞበት ይሄዳል። ከዚህ በኋላ ያለው አባትና ትንሽ ልጁ ከተማውን ዞረው ሲፈልጉ ነው። ዴ ሲካ ለአባትዮው ሚና የመረጠው ተዋናይ ሳይሆን አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር።

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፊልሙን ከእኔ ጋር ተመለከቱት። አንሶላው ለመያዣ ሲሰጥ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ጣሊያንም እንዲህ ይቸገር ኖሯል?» አሉ። እርሳቸው የሚያውቁት ጣሊያን ትራክተር የሚነዳውን፣ በካምፕ የሚኖረውን ነበር። በመጨረሻ አንቶንዮ ተስፋ ቈርጦ የሌላ ሰው ቢስክሌት ሲሰርቅና በልጁ ፊት ሲያዝ ግን ዓይናቸውን ከመስኮቱ ላይ አንሥተው ወደ እኔ አዩ። «ልጁ ባያይ መልካም ነበር» ብለው ወጡ።

እኔ ምክንያቱን ያገኘሁት በዚያች ማታ ነው ብዬ አምናለሁ። እነዚህን ፊልሞች ከሠሩት አገሮች ብዙዎቹ ዛሬ የበለጸጉ ናቸው፤ ፊልሞቹ ሲሠሩ ግን ብዙ ሕዝባቸው ወላጆቼ እንደ ኖሩት ይኖር ነበር። ዕዳ፣ መያዣ፣ አንዲት ቢስክሌት፣ አንዲት በሬ፣ የጎርፍና የድርቅ ፍራቻ የየዕለቱ ነገር ነበር። ዛሬ ከነዚያው አገሮች የሚመጣው ፊልም የሚያሳየን አየር ላይ የሚበር መኪናና የሚፈነዳ ሕንጻ ነው። እርሱን አይቼ እደነቃለሁ፤ በውስጡ ግን የማውቀውን ሰው አላገኝም። ስለዚህ ፊልሙ በቈየ መጠን ለእኛ ይቀርበናል እንጂ አይርቀንም። በርግጥ የቈየ ሁሉ መልካም ነው አልልም፤ አፍሪካዊውን ዕቃ ተሸካሚ ብቻ አድርገው ያሳዩ የዚያ ዘመን ፊልሞች ጥቂት አይደሉም፤ እነርሱ ቢረሱ አላዝንም።

ሁለተኛም ነገር አለ። ድምፅ ወደ ፊልም የገባው እ.ኤ.አ. በ1927 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሠሪዎች ነገርን ሁሉ በፊት፣ በእጅና በአረማመድ ማስረዳት ግድ ሆኖባቸው ነበር። ቻርሊ ቻፕሊን ሌላው ሁሉ መናገር ከጀመረ በኋላ እንኳ፣ በ1931 «የከተማ መብራቶች» የተባለውን ፊልሙን ያለ ንግግር ሠርቶአል። ዓይነ ስውር የነበረችው አበባ ሻጭ ዓይንዋ ከበራ በኋላ ያን ድኻ ለይታ የምታውቀው እጁን ዳስሳ ነው። ይህን ለመረዳት ፊደል መቍጠር አያስፈልግም።

እናቴ ፊደል አልቈጠረችም። አማርኛ እንጂ ሌላ ቋንቋም አታውቅም። በአንድ የበዓል ማታ፣ ሜህቡብ ካን እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራውን «ማዘር ኢንዲያ» በላፕቶፔ ከፈትሁላት። ራድሃ የምትባል የገበሬ ሚስት በአራጣ አበዳሪ ዕዳ ተይዛ፣ ባልዋ ሁለት እጁን አጥቶ ጥሏት ሲሄድ፣ ልጆችዋን ይዛ ሞፈርና ቀንበር ስትጎትት የሚያሳይ ነው። እናቴ ማረሻው ድንጋይ ሲነካ «እኽ!» ትል ነበር። ጎርፍ መጥቶ አዝመራውን አጠፋው፤ ሕዝቡም ጓዙን ተሸክሞ መንደሩን ለቅቆ መሄድ ጀመረ። ራድሃ ጭቃ ለብሳ፣ እጅዋን ዘርግታ፣ አገራችሁን ትታችሁ አትሂዱ ብላ በዘፈን ትለምናቸዋለች። እነርሱም ይመለሳሉ።

ፊልሙ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው። መብራት ጠፍቶ ስለ ነበረ የላፕቶፑ ባትሪ አልደረሰለትም፤ ድርግም አለ። በጨለማ ተቀመጥን። እናቴ «እኛን ግን የጠራን አልነበረም» አለች።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስለ መነሣታቸው ቀን አንድ ቃል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያን ማታ ተናገረች። «እናቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ መሄድ አይሆንላትም። ብትጠራኝ ከመኪናው እወርድ ነበር፤ አባትህም ያውቀው ነበር። እርስዋ ግን እጅዋን በአፍዋ ላይ አድርጋ ዝም ብላ አየችን። እንዳልመለስ ብላ ይሆን? ልጄ፣ ይህን ስንት ዓመት ጠየቅሁት።» የአያቴን ስም የሰማሁት በዚያ ምሽት ነው።

በማግሥቱ ከቡና በኋላ የቀረውን ተመለከትን። ራድሃ ሽፍታ የሆነውን ልጅዋን በገዛ እጅዋ ተኵሳ ስትገድል እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊትዋ ሳበች፤ ፍርድ ግን አልሰጠችም። አለቀ ብዬ ልዘጋው ስል ክንዴን ያዘችኝ። «ያቺን የሚመለሱባትን አሳየኝ» አለች።

መልሼ አሳየኋት። ጓዝ የተሸከመው ሕዝብ ዞሮ ሲመጣ፣ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ ብላ ፊታቸውን አንድ በአንድ ትመለከት ነበር።